ውክልና፣ የተጠቃሚ ስም፣ ኑዛዜ ወይስ ትረስት? በወጣትነት የቱን ማስቀደም ይሻላል

ሕመምተኛው ራሱ መናገር ሲያቅተው ማን ይወስንለት? ይህን ጥያቄ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ፊት ያቆሙት ሦስት ታዋቂ ጉዳዮች የአዛውንቶች አይደሉም። ካረን አን ኩዊንላን እ.ኤ.አ. በ1975 ራሷን ስታ ስትወድቅ 21 ዓመቷ ነበር። ናንሲ ክሩዛን በ1983 የመኪና አደጋ ሲደርስባት 25 ዓመቷ፣ ቴሪ ሺያቮ በ1990 ልቧ ቀጥ ብሎ አንጎሏ ሲጎዳ 26 ዓመቷ ነበር። ሦስቱም ፍላጎታቸውን የሚገልጽ ሰነድ አልነበራቸውም። የሺያቮ ባልና ወላጆች ሕይወቷን የሚያቆየው ሕክምና ይቁም ወይስ ይቀጥል፣ “እሷ ብትናገር ምን ትል ነበር?” በሚለው ጉዳይ ለዓመታት ተካሰሱ። ነገሩ ከፍሎሪዳ ፍርድ ቤቶች አልፎ እስከ አገሪቱ ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት ደረሰ። እሷ በ2005 ስታርፍ ከወደቀች 15 ዓመት አልፏታል።

ይህን ያስቀደምኩት ወጣቶች ስለ ውርስ ዝግጅት ሲነገራቸው “ምን ሀብት አለኝና?” ብለው ስለሚያልፉት ነው። ዝግጅት ሲባል ኑዛዜ፣ ኑዛዜ ሲባል ደግሞ ቤትና መሬት ብቻ ይታያቸዋል። ነገር ግን በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው ትልቁ ጉዳይ በሕይወት እያለ አቅም ቢያጣ ማን ይናገርለታል፣ ማን ሂሳቡን ይከፍልለታል የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ሀብት አያስፈልግም። ስለዚህ ለአብዛኛው ወጣት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ ውክልና፣ ቀጥሎ የተጠቃሚ ስም (ብትሞቱ የመድን ወይም የጡረታ ገንዘቡ እንዲከፈለው የምትሰይሙት ሰው) እና የዲጂታል አካውንቶች፣ ከዚያ ኑዛዜ፣ ትረስት (ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በባለአደራ ማስያዝ) ካስፈለገም በመጨረሻ። ልጅ ያለው ሰው ግን ኑዛዜውን ከውክልናው እኩል ያስቀድም። ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

ምንም አለማድረግ የት ያደርሳል?

ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ንብረት ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም። እያንዳንዱ አገር በሕጉ ያስቀመጠው የወራሾች ተራ አለው፤ በአብዛኛው ልጆች፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆች፣ ከዚያ ወንድምና እህት እያለ ይወርዳል። ሕጉ የሚያውቀው የሥጋ ዝምድናንና ጋብቻን ነው። ማን አስታመመ፣ ማን አብሮ ኖረ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር ብሎ አይጠይቅም።

ተራው ራሱ ከአገር አገር ይለያያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ ሲወረስ ቅድሚያውን ለልጆች ይሰጣል፤ ባል ወይም ሚስት ግን ከወራሾቹ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ ከጋራ ንብረቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል እንጂ የሟቹን ድርሻ በሕጉ አይወርስም። በእንግሊዝ ደግሞ የትዳር ጓደኛ ዋና ወራሽ ነው፤ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ጥንዶች ግን አሥርም ሆነ ሃያ ዓመት ቢኖሩ፣ ያለ ኑዛዜ ከሆነ በቀጥታ የሚደርሳቸው ነገር የለም።

ስዊድናዊው ጋዜጠኛና ደራሲ ስቲግ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 በ50 ዓመቱ በድንገት ሲሞት ከሕይወት አጋሩ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ኖረዋል፤ አልተጋቡም። ከሞቱ በኋላ ታትመው ዓለምን ያዳረሱት መጻሕፍቱ ገቢ በስዊድን ሕግ መሠረት ለአባቱና ለወንድሙ ሆነ። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1970 በ27 ዓመቱ ሲሞትም ኑዛዜ አልነበረውም። ሁሉም ለአባቱ ሆነ። አባቱ በ2002 ሲሞቱ ደግሞ አብዛኛውን ለእንጀራ ልጃቸው ተናዘዙ፤ የጂሚ ታናሽ ወንድም ተከራክሮ በ2004 ተሸነፈ። ሄንድሪክስ ራሱ ለማን መስጠት ይፈልግ እንደነበር የሚያውቅ የለም። በ34 ዓመት ውስጥ ማንም እሱን አልጠየቀም፤ ሊጠይቀውም አይችልም።

ይህን ስል ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ኑዛዜ ይጻፍ ማለቴ አይደለም። ያላገባችሁ፣ ልጅ የሌላችሁ፣ በእናንተ ገቢ የሚኖር ሰው የሌለ፣ ያላችሁም ጥቂት ቁጠባ ከሆነና ለወላጆቼ ቢደርስ ደስ ይለኛል የምትሉ ከሆነ፣ ሕጉ የሚሰጠው ውጤት ከምትፈልጉት ጋር ሊገጥም ይችላል። የአገራችሁን ሕግ አይታችሁ አረጋግጡና ኑዛዜውን ለጊዜው አቆዩት። ውክልናውን ግን አታቆዩት፤ የወራሾች ተራ በሕይወት ላለ ሰው ምንም አይሠራለትምና።

ውክልና፦ የገንዘብና የሕክምና

ሰው አካለ መጠን ሲደርስ ወላጆቹ በእሱ ጉዳይ የመወሰን ሥልጣናቸው ያበቃል። በአብዛኛው አገር ይህ 18 ዓመት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው በክፉ ቀን ነው፤ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ እናት የሕክምና መረጃ ስትጠይቅ፣ ወይም የቤት ኪራዩን ከእሱ ሂሳብ አውጥታ ልትከፍል ባንክ ስትሄድ። ባንኩ “ውክልና አለዎት?” ይላል። ልጁ መፈረም በማይችልበት ሰዓት አዲስ ውክልና መስጠት አይቻልም። የሚቀረው ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት አሹሙልኝ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ሁለቱን ውክልናዎች ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የገንዘቡ ተወካይ ሂሳብ ያንቀሳቅሳል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ደብዳቤ ይፈርማል። የሕክምናው ተወካይ ከሐኪም ጋር ይነጋገራል፣ ሕክምና ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ግን ግዴታ አይደለም። ገንዘብ ላይ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሊብረከረክ ይችላል።

የገንዘብ ውክልና ስታዘጋጁ አንድ ነገር በደንብ አረጋግጡ። በብዙ አገር ሕግ ተራ ውክልና ሰጪው አቅሙን ሲያጣ አብሮ ይወድቃል፤ ማለትም በሚያስፈልግበት ቀን ዋጋ የለውም። ሰነዱ “አቅም ባጣም ይጸናል” የሚል ቃል እንዲኖረው፣ ወይም አገሩ ለዚህ ብሎ ያዘጋጀው ልዩ ቅጽ ካለ በዚያ እንዲሠራ ጠይቁ። ከፊርማው ቀን ጀምሮ የሚሠራና አቅም ማጣቱ በሐኪም ሲረጋገጥ ብቻ የሚጀምር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶችም አሉ። ሁለተኛው የበለጠ የሚጠብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የሐኪም ማረጋገጫ እስኪመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። የምታምኑት ሰው ካላችሁ የመጀመሪያው ይሻላል። ውክልና እንድትሰጡት እስከዚህ የማታምኑት ሰው ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ሰው መምረጥ ነው።

በሕክምና በኩል “ይህ ይደረግልኝ፣ ያ አይደረግልኝ” የሚል የጽሑፍ መመሪያና ሰው መወከል ይነጻጸራሉ። አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ሰው መወከሉን እመርጣለሁ። በ26 ዓመት ዕድሜ የተጻፈ ወረቀት የሚመጣውን ሕመም ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ሰው ግን ሐኪሙን ሰምቶ፣ እናንተን አስታውሶ ይወስናል። ጽሑፉ ግን ተወካዩን ያግዘዋል፣ ከዘመድ ወቀሳም ያድነዋል። በክሩዛን ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ሚዙሪ ግዛት ስለ ሕመምተኛዋ ፍላጎት ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ነው የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ ቀርበው፣ ድሮ ስትናገር የሰሙትን የመሰከሩት። አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢኖር ወላጆቿ ሰባት ዓመት ገደማ ጠብቀው የሰው ትዝታ መፈለግ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ማንን እንምረጥ? ብዙዎች ሳያስቡ ታላቁን ወይም እናትን ይጽፋሉ። እኔ የማያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ስልክ ሲደወልለት ያነሳል ወይ፣ በጭንቀት ሰዓት ረጋ ይላል ወይ፣ የዘመድ ጫና ሲመጣ “እሷ የነገረችኝ ይህን ነው” ብሎ ይቆማል ወይ። ይህን የሚያሟላው ጓደኛ ከሆነ ጓደኛውን ጻፉ፤ ለቤተሰብ ግን ቀድማችሁ ንገሩ። ተወካዩም ከፊርማው በፊት መስማማቱን ከአፉ ይናገር።

የተጠቃሚ ስም፦ በደቂቃዎች የሚያልቀው

የሕይወት መድን ወይም የጡረታ ቁጠባ ያለው ሥራ ስትቀጠሩ ከሚሰጧችሁ ወረቀቶች መካከል አንዱ የተጠቃሚ ቅጽ ነው። አንዳንድ አገር የባንክ ሂሳብም ይኼው አለው። ቅጹ ላይ ስም፣ ዝምድና፣ ድርሻ በመቶኛ፣ ከታች ደግሞ “ተተኪ ተጠቃሚ” የሚል ክፍት ቦታ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ሞልቶ ተተኪውን ባዶ ይተዋል። ዋናው ተጠቃሚ ከእናንተ ቀድሞ ወይም አብሮ ቢሞት የሚሠራው ግን ያ ባዶ የተተወው መስመር ነው። ድርሻውም ተደምሮ 100 መሙላቱን ተመልከቱ።

ከኑዛዜ ጋር ሲወዳደር የተጠቃሚ ስም በፍጥነትና በዋጋ ይበልጣል። ጠበቃ አይፈልግም፣ ገንዘቡም በአብዛኛው የውርስ ማጣራቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ለተጠቃሚው ይከፈላል። ድክመቱ ከዚሁ ጥንካሬ ይመጣል፦ በብዙ ቦታ ኑዛዜው ሌላ ቢልም ቅጹ ያሸንፋል። በአሜሪካ አንድ የቦይንግ ሠራተኛ በ1994 ከሚስቱ ተፋቶ ብዙም ሳይቆይ በመኪና አደጋ ሞተ። የመድንና የጡረታ ቅጹ ላይ ያለው ግን አሁንም የቀድሞ ሚስቱ ስም ነበር። ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳቸው ልጆች ተከራከሩ፤ በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራሉ ሕግ ቅጹን እንድንከተል ያዛል ብሎ ወሰነባቸው። ፍቺውን አስቦ ለሌላ ሰው ሊያደርገው ፈልጎ ይሆናል፤ ቅጹን ግን አልቀየረውም።

“ከእህቴ ጋር የጋራ ሂሳብ ብከፍት አይበቃም?” የሚሉ አሉ። የጋራ ባለቤትነት አንዱ ሲሞት ንብረቱን ለሌላው የሚያስተላልፍበት አገር አለ፤ የማያስተላልፍበትም አለ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በሕይወት እያላችሁ የሚሆነው ነው። ስሙን ያስገባችሁት ሰው ዛሬውኑ ባለቤት ነው፤ ባለዕዳ ከሆነ አበዳሪዎቹ ወደዚያ ገንዘብ ሊመጡ ይችላሉ፣ ከትዳሩ ሲፋታም ሊቆጠርበት ይችላል። ለትዳር ጓደኛ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለውርስ ብቻ ተብሎ ከሆነ ግን የተጠቃሚ ስም ይሻላል፤ ምክንያቱም እስክትሞቱ ገንዘቡ የእናንተ ብቻ ነው፣ ስሙንም በፈለጋችሁ ቀን ትቀይራላችሁ።

ኑዛዜ፦ በእጅ የተጻፈ ወይስ በምስክር ፊት?

እ.ኤ.አ. በ1948 በካናዳ ሳስካችዋን አንድ ገበሬ፣ ሴሲል ጆርጅ ሃሪስ፣ ትራክተሩ ሥር ተይዞ አሥር ሰዓት ያህል ቆየ። በኪስ ቢላዋው የትራክተሩን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ፍቆ “በዚህ ብሞት ሁሉም ለሚስቴ” የሚል ሐሳብ ጻፈበትና ፈረመ። ሆስፒታል ደርሶ ሞተ። ፍርድ ቤቱ ቆርቆሮውን ኑዛዜ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ቆርቆሮው እስካሁን በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ይህ የሆነው ግን የዚያ አካባቢ ሕግ ተናዛዡ በእጁ ጽፎ የፈረመውን ያለ ምስክር ስለሚቀበል ነው።

ከላይ ያነሳሁት ስቲግ ላርሰን ዕድሉ ተቃራኒ ነበር። በ1977፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ ኑዛዜ ጽፎ ነበር። በወጣትነቱ አስቦበት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ምስክር አልፈረመበትም፤ በስዊድን ሕግም ዋጋ አጣ።

የፈረንሳይ ሕግ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ቀን ያለበትና የተፈረመ ከሆነ ይቀበላል። እንግሊዝ ከ1837 ጀምሮ ሁለት ምስክር ትጠይቃለች። የኢትዮጵያ ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብና እንዲፈረም ይጠይቃል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡ እጅ የሚጻፈውንም ይቀበላል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በ25 ዓመታችሁ ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ያኖራችሁት፣ 32 ዓመት ሳይሞላችሁ በፊት ወስዳችሁ ካላስቀመጣችሁት፣ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የቃል ኑዛዜም አለ፤ ግን ለጥቂት ጉዳዮች ብቻ የሚሠራና ተናዛዡ በሕይወት ከቆየ በሦስት ወር የሚያበቃ ነው።

በእጅ የሚጻፈው ነጻ ነው፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ ዛሬ ማታ ያልቃል። ከምንም ይሻላል። ነገር ግን “ጽሑፉ የእሱ አይደለም”፣ “አስገድደውት ነው” የሚል ክርክር ሲነሳ የሚናገርለት ሰው የለም፤ ወረቀቱን ቀድሞ ያገኘው ሰው ቢቀደውም ማንም አያውቅም። ስለዚህ ምርጫዬ በምስክር ፊት የሚደረገው ነው። ምስክሮቹ ከኑዛዜው የሚጠቀሙ ሰዎች አይሁኑ፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ ምስክር ሆኖ የፈረመ ተጠቃሚ የተናዘዙለትን ያጣል። ከተቻለም ምስክሮቹ በዕድሜ ከእናንተ ብዙ የማይበልጡ ይሁኑ። በ28 ዓመት የተጻፈ ኑዛዜ ከ50 ዓመት በኋላ ሊከፈት ይችላልና።

ልጅ ያለው ሰው ኑዛዜውን ያስቀድም ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው፦ ሁለቱም ወላጆች ቢሞቱ ልጁን ማን ያሳድገው የሚለውን በአብዛኛው አገር ወላጅ የሚናገርበት ዋናው ቦታ ኑዛዜ ነው። ካልተናገራችሁ ፍርድ ቤት ይወስናል፤ ሁለት ወገን ዘመድ አንድን ሕፃን ለመውሰድ ሲካሰስ የሚጎዳው ልጁ ነው። አሳዳጊውንና ገንዘቡን የሚያስተዳድረውን ሰው ለያይቶ መሰየምም ይቻላል። ልጅን በፍቅር የሚያሳድግ ሁሉ ገንዘብ አያያዝ አይችልም፤ ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ኑዛዜ ካልታደሰ ደግሞ ያረጃል። ተዋናዩ ሂዝ ሌጀር በ2003 ሁሉንም ለወላጆቹና ለእህቶቹ ተናዘዘ። በ2005 ሴት ልጅ ወለደ። በ2008 በ28 ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜው እንደነበረ ነበር፤ የልጁ ስም የለበትም። ቤተሰቡ ደግ ሆኖ ሁሉንም ለሕፃኗ ተወላት። ደግ ባይሆኑስ? በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ጋብቻ ራሱ ከዚያ በፊት የተጻፈን ኑዛዜ ይሽራል፤ ጋብቻውን አስቦ የተጻፈ ካልሆነ በቀር።

ትረስት

ትረስት ንብረትን በባለአደራ ስም አዙሮ፣ በተጻፈው ደንብ መሠረት ለተጠቃሚው እንዲያስተዳድር ማድረግ ነው። የውርስ ማጣራትን ያስቀራል፣ ለሕፃን ልጅ ወይም አካል ጉዳት ላለበት ወንድም በየጊዜው ገንዘብ እንዲሰጥ ያስችላል። የሚያውቁት አገሮች ግን ውስን ናቸው፤ ማቋቋሙም ማስተዳደሩም ያስከፍላል። ንብረቱ በትክክል ወደ ትረስቱ ስም ካልዞረ ደግሞ ሰነዱ ባዶ ቅርጫት ነው። የራሱ ድርጅት ለሌለው፣ ብዙ ንብረት ለሌለው፣ ዕድሜ ልክ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው ለማያስተዳድር ወጣት አያስፈልገውም። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ የሕይወት መድን ቢውል ይሻላል።

ስልክና ኢሜይል

የዛሬ ወጣት ፎቶው፣ ሥራው፣ ገንዘቡም ያለው በኢሜይልና በስልክ ነው። ጉግል ከ2013 ጀምሮ አካውንታችሁ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ሳይነካ ሲቀር ለመረጣችኋቸው ሰዎች መረጃውን የሚያጋራ ቅንብር አለው። ፌስቡክ በ2015፣ አፕል በ2021 መጨረሻ ከሞታችሁ በኋላ ለአካውንቱ ተረካቢ የምትሰይሙበት ቅንብር አምጥተዋል። የአፕሉ ተረካቢ ስትሰይሙት ከሚሰጠው የመዳረሻ ቁልፍ (የምስጢር ኮድ) ጋር የሞት ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ በስልኩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ግን አያገኝም።

እነዚህን ቅንብሮች የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ከማስቀመጥ እመርጣቸዋለሁ። የይለፍ ቃልን ኑዛዜው ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ በፍርድ ቤት የጸደቀ ኑዛዜ ማንም ከፍሎ ቅጂውን የሚያወጣው ሰነድ ነው። የክሪፕቶ ገንዘብ ያላችሁ ግን የግል ቁልፉ (ገንዘቡን የሚከፍተው ምስጢራዊ ኮድ) ከጠፋ ማንም ፍርድ ቤት አያስመልሰውም። ቁልፉን በታሸገ ቦታ አስቀምጡና የት እንዳለ አንድ ሰው ይወቅ።

እንደየሁኔታው

ተማሪ ወይም አዲስ ተቀጣሪ ከሆናችሁና ልጅ ከሌላችሁ፦ ሁለቱ ውክልናዎች፣ የተጠቃሚ ቅጽና የጉግሉ ቅንብር ይበቃሉ። ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ኑዛዜና የሕክምና ውክልና አንድ ላይ ያስፈልጓችኋል፤ ሕጉ አጋራችሁን ላያውቀው ይችላል። ብድራችሁ ላይ ወላጅ ወይም ጓደኛ ዋስ ከሆነላችሁ፣ ብትሞቱ ዕዳው ወደ እሱ ሊዞር ስለሚችል ዕዳውን የሚሸፍን የሕይወት መድን ከኑዛዜም በላይ ይቀድማል። ልጅ ካላችሁ ኑዛዜ፣ ውክልናና መድን ሦስቱም በዚህ ዓመት ይጠናቀቁ። ከአንድ በላይ አገር ንብረት ካላችሁ ግን የአንዱ አገር ኑዛዜ በሌላው እንዴት እንደሚታይ ሕግ አዋቂ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ዋናውን ሰነድ ሕጉ በሚፈቅደው የመንግሥት መዝገብ ቤት ወይም ጠበቃ ዘንድ አስቀምጡ፤ የባንክ ሣጥን ውስጥ ከሆነ ሣጥኑን የሚከፍት ሌላ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። የሕክምና ውክልናውን ግን አትቆልፉት፤ ፎቶ አንስታችሁ ለተወካዩ ዛሬ ላኩለት፣ ሆስፒታል በሌሊት የሚደርሰው እሱ ነውና። ስታገቡ፣ ስትፋቱ፣ ስትወልዱ፣ አገር ስትቀይሩ፣ ወይም ከሰየማችኋቸው ሰዎች አንዱ ሲሞት ሁሉንም አውጥታችሁ እንደገና አንብቡ፤ በመጀመሪያ የተጠቃሚ ቅጹን።